በእፍኝ ጀንፈል የታሰረችው የአባቴ ብስክሌት

ለክቡር የጤናማ ጉዞና የመንገድ ቁጥጥር ጥምር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ግፊትዎ ልከኛ፣ ስኳርዎ የተስተካከለ፣ ጉልበትዎም ከወንበርዎ ተነስቶ እስከ መኪናዎ ለመድረስ የማይለግም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ አላህ ይጨምርልዎ። እኔ ሩፈይዳ ፋሂም እባላለሁ፤ የመንደራ ቆጪ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ የፋሂም ልጅ ነኝ። አምና በጤና ትምህርት ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ የአባቴን ጤና ሥራዬ አድርጌያለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ስብሰባው ስለ ጤናማ አኗኗር መሆኑን ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ ማቋረጡ ነውር መሰለኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። «ፔዳል ይርገጡ፣ ዕድሜ ይጨምሩ» የሚለውን ትልቅ ሸራ ያሰቀሉት እርስዎ ነዎት። ስኳር ያለበት አባቴ መጀመሪያ ሲያነበው፣ «እኔ በስፌት መኪና ላይ ዕድሜ ልኬን ረገጥኩ፣ የትም አላደረሰኝም» ብሎ ስቆ ነበር። እኔ ግን አመንኩዎት፤ አባቴንም አሳመንኩት። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት እሱ በአሮጌዋ ብስክሌቱ፣ እኔም በራሴ፣ ወደ ሰርቦ አቅጣጫና በየመንደሩ መውጣት ጀመርን። በመጀመሪያው ዳገት ብስክሌቷን እየገፋ፣ የሸራውን ጸሐፊ እየረገመ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያንኑ ዳገት ሳይወርድ ጨርሶ፣ እንጨት የተጫነች አህያ ቀድሞ ስላለፈ ብቻ እንደ ሯጭ እጁን አነሳ። የእግሩ ጣቶች መደንዘዝ ተዉ፤ ስኳሩም ወረደ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የእርስዎ ውለታ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውም እንዲሁ የእርስዎ ስለሆነ፣ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በቡና ለቀማው ወቅት፣ ውሃ ለመጠጣት ከአንዲት የማናውቃት እናት ደጅ ቆምን። አዴ ሐጂራ ይባላሉ። ውሃውን ካጠጡን በኋላ ከተሰጣው ጀንፈል ቡና በእፍኛቸው ዘግነው በፌስታል ቋጠሩና፣ «ሀርካ ዱዋ ሂን ዴሚና» ብለው ከአባቴ ብስክሌት ኋላ አሰሩት፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ ማለታቸው ነው። በኛ አገር ይህን እምቢ ማለት ሰውየውን መስደብ ነው። ኮሚቴዎ ይህን ልማድ የሚሽር መመሪያ ካወጣ፣ ለአዴ ሐጂራ ቢነገራቸው መልካም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስንመለስ የኮሚቴዎ ኬላ አስቆመን። ተቆጣጣሪው ፌስታሏን ከፍቶ አሸተተና፣ «የቡና መሸኛ ወረቀት አላችሁ?» አለ።

አባቴም፣ «ልጄ፣ ለእንግዳ ለተሰጠ ቡና መሸኛ የሚጽፈው ማን ነው?» አለው።

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው አባ። የተሽከርካሪዎ ሰሌዳ ስንት ነው?»

ብስክሌት ሰሌዳ እንደሌላት ሲነገረው፣ ሰሌዳ ያልለጠፈ የኮንትሮባንድ ተሽከርካሪ ብሎ መዘገባት። እንዲህ ያለ ንቁ ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛውን ስጽፍ ራሴም አልፎ አልፎ እስቃለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቡናው ሲመዘን ከሚወረሰው መጠን በታች ሆነ ተባለና ተመለሰልን። ብስክሌቷ ግን ግቢያችሁ ቀረች። ኮንትሮባንዱ በነፃ ተለቆ አጓጓዡ የሚታሰርበትን ሕግ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አልተማርኩትምና፣ የትምህርት ጥራት ጉዳይም በዚሁ ቢታሰብበት።

አራተኛ፦ የእኔን ብስክሌት በመያዣነት አስቀርተው የአባቴን እንዲለቁ ለመንኩ። ተቆጣጣሪው፣ «እህት፣ የተማርሽ ትመስያለሽ፤ ያንቺ እኮ ምንም አላጠፋችም» አለኝ። ስለ ፍትሐዊነቱ አመሰግናለሁ።

አምስተኛውን ቁጥር ባልሰጠው ይሻላል፤ አቤቱታም አይመስል። አባቴ በኬላው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሱሪያቸውን ያሳጠረላቸው፣ የልጆቻቸውን የዒድ ልብስ የሰፋላቸው ሰዎች በሚኒባስ መስኮት እያዩት አለፉ። ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ልጆች በሱቁ ባለፉ ቁጥር፣ «አባ ፋሂም! ጭነቱ ገባ ወይ?» ይሉታል። ቀልድ ነው፤ እሱም ይስቃል፤ ከዚያ ግን መስኮቱን ይዘጋል። እሑድ ሲመጣ «በእኔ ብስክሌት ውጣ» ስለው፣ «በዚያ ኬላ ሁለተኛ አላልፍም፤ ብሞት ይሻለኛል» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ሲል ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ጣቶቹ እንደገና መደንዘዝ ጀምረዋል።

ስለዚህ የምለምንዎ ብስክሌቷን ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ከኮሚቴው የሆነ ሰው በቀን ብርሃን፣ ባጃጆቹ ተሰልፈው ባሉበት፣ ከሱቁ ደጅ ቆሞ «አባ ፋሂም፣ ተሳስተናል» ይበልልኝ። ሸራ መስቀል አያስፈልግም፤ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ይበቃል።

ለጤናችን ሲሉ እንዳንንቀሳቀስ ላደረጉት ያላሰለሰ ጥረት በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ሩፈይዳ ፋሂም፤ የኮንትሮባንዲስቱ ልጅ

ማስታወሻ፦ ትናንት የግቢዎ ጥበቃ በአባቴ ብስክሌት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አየሁት። ኬላውን ሲያልፍ ማንም አላስቆመውም። ሰውነቱም ቀለል ብሎታል፤ ለካ ዘመቻዎ ይሠራል።