ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባሌ

ላስታ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቁልቁል
ኅዳር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለባሌ ለየሻው፣

እስከ ዛሬ «ይድረስ ለወንድሜ» እያልኩ ስጽፍልህ ምን ነካት ሳትል አልቀረህም። በፖስታ የሚሄደውን ደብዳቤ እየከፈቱ ያነቡታል ሲባል ሰምቼ ነው። ይኼኛውን ግን የጋሸናው አብደላ በርበሬ ሊገዛ ወደ ቻግኒ ሲወርድ በእጁ ያደርስልሃል። «አማና ነው እህቴ፣ ከኪሴ አይወጣም» ብሎኛል። ስለዚህ ዛሬ ባሌ ልበልህ። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ድሮም ጠማማ ነውና እንዳትስቅብኝ።

ጤናህ እንዴት ነው? የፓዊ ወባ ጎበዝ አይመርጥም ይላሉ፤ ስሰማ እንቅልፍ አጣለሁ። እኛ በደህና አለን፣ እሱ ይመስገን። ገብሱ ታጭዷል፣ ዘንድሮ ሸጋ ነው። ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። አጥሩም እንዳለ ነው።

አጥሩን ባየሁ ቁጥር አሁንም እናደድብሃለሁ። ሐሳቡ ያንተ ነበር። መሬት የሚደለድሉት ኮሚቴዎች ለአንድ ቤተሰብ ይኼ በዛ ብለው ከምንጩ በታች ያለውን የአባትህን ማሳ ሊቆርሱት ሲነሱ፣ ሸንጎ ቀርበን እንፋታ አልከኝ። ሁለት ቤት ከሆንን፣ ያለንን ተካፍለን ማንም አይነካብንም አልክ። በቁርባን የተጋባን ሰዎች! የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሰንበት እንኳ ሰምተው፣ «ቁርባናችሁን ሸንጎ አልሰጣችሁም፣ ሸንጎም አይወስደውም» ብለው አለፉን። እንዳይቆርሱብን ብለን ራሳችን ቆረስነው። በግቢያችን መሃል አጥር አጠርክ፣ ከአጥሩ ወዲያ ለራስህ ጎጆ ቀለስክ። ግብሩም ሁለት ሆነ፣ መዋጮውም ሁለት ሆነ። ስብሰባ ላይ እንደ ባዳ ራቅ ብለህ ስትቀመጥ ሳቄን በነጠላዬ አፍን ነበር። ሲመሽ አጥሩን ዘለህ ስትመጣ ድብቅ ወዳጅ የያዝኩ ኮረዳ እመስል ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ደስታዬ አልጣሽን እስክፀንስ ነው። ሸንጎው አባቷ ማነው ሲለኝ፣ ያንተን ስም ብጠራ ፍቹ የይስሙላ መሆኑ ይታወቃል፣ መሬቱም ይሄዳል። ዝም አልኩ። መንደሩ ከንፈሩን መጠጠ፣ እኔም ዋጥኩት። በአባቴ ስም አልጣሽ ተክለ ሚካኤል ተብላ ተጻፈች። የገዛ ልጅህ «ጋሼ» እያለች በአጥሩ ቀዳዳ የባቄላ እሸት ስትቀበልህ ፊትህን ታዞር ነበር። የማላይህ ይመስልሃል እንጂ አይሃለሁ።

ኋላ ሰፈራው መጣ፤ መጀመሪያ ቤተሰብ የሌላቸው ይሂዱ ተባለ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ከፋለ ሚስት አለህ ወይ ሲልህ የለኝም አልክ። ልጅስ ሲልህ የለኝም አልክ። ለእኛ መሬት ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ቃል ስትናገር ልጅህ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። መኪናው ላይ ስትወጣ እንደ ሚስት እዬዬ ብዬ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ እንደ ጎረቤት አይዞህ ብዬ ሸኘሁህ።

አሁን ያለፈው እሑድ የሆነውን ልንገርህ። ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራንና ከፋለ አዲስ የመጣ መመሪያ አነበበልን። ለሰፈራ የሄደ ሰው ማሳ ለሚስቱና ላላደጉ ልጆቹ ይሆናል፤ የሌለው እንደሆነ ለሌላ ይሰጣል ይላል። ያንተ ስም ሲደርስ፣ ይኼ ወራሽ የለውም፣ ማሳው ለምናለ ይሁን አለ። ምናለ ከነልጆቹ መሬት የለውም፣ በእሱ አልፈርድም። ግን እግሬ ሳላዘው ተነሳ። ልጅ አለችው አልኩ።

ከፋለ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቀዋለህ፣ ሰርጋችን ላይ ሲጨፍር ያነጋ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሸጌ፣ አስቢበት» አለኝ። «ከተናገርሽ፣ ፍቹ ሐሰት ነበር ብዬ መጻፌ ነው። ያኔ የእሱም ያንቺም ይወሰዳል። እንግዲህ የማን ልጅ ናት?»

የፍቻችን ምስክሮች እዚያው ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። የማያውቅ አልነበረም። ብናገር ልጄ አባት ይኖራታል፣ የምትበላው አይኖራትም። ዝም ብል ትበላለች፣ አባት አይኖራትም። ተቀመጥኩ። የሻው፣ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ የሆንለት ማሳ ለምናለ ሄደ።

አንተ ዘንድ ልምጣ እንዳልል፣ የይለፍ ወረቀት ለሚስት እንጂ ለጎረቤት አይሰጥም። ተመለስ እንዳልልህ የምትመለስበት መሬት የለህም። አጥሩን ላፍርሰው ብዬ መጥረቢያ አንስቼ ነበር፤ ሰው ያየኛል ብዬ መለስኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ እራት ስንበላ ልቤ አልችል አለኝ። ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ጋሼ የሻው አባትሽ ነው አልኳት። ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠችና «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ጋሼ ትዪው ነበር?»

«መሬታችንን እንዳይወስዱብን ነዋ።»

ማን ነገራት ብዬ አሰብኩ። እኛው ነን እንጂ ማን ይነግራታል። ሞሰቡን ገፍቼ አለቀስኩ፤ ያን ቀን መኪናው ሥር ያልወጣልኝ ለቅሶ ሁሉ ያን ማታ ወጣ። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ውሃ አምጥታ ፊቴን አጠበችኝ።

ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ ከወባው ይሰውርህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ዓይንህን ሳላይ አልሙት። አልጣሽ ትምህርት ቤት ገብታ ጽሕፈቷ ከእኔ ይበልጣል። ከታች ስሜን ልጻፍ ብላ ብዕሩን ከእጄ ወሰደች። የጻፈችውን አይቼ ልሰርዘው ብዬ ነበር፣ አቃተኝ። አንብበህ ስትጨርስ ደብዳቤውን አቃጥለው። ግርጌውን ግን ቀደህ ያዝልኝ።

ሚስትህ ሸጌ

አልጣሽ የሻው