አረንጓዴ ስህተት ለነደፉልን ክቡር ሰው፣ ከሱሉልታ

ለተከበሩ የብሮውዘሩ የስህተት መፈለጊያ መስኮት የመልክ ንድፍ ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ጤና፣ እንደምን ከርሟል? እኔ ላሊሴ ቦሩ፣ ሱሉልታ ተቀምጬ ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር ዴቨሎፐር፣ የመነጽሬ ቁጥር ከመጨመሩ በቀር ደህና ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ውለታዎ በጓዳ የሚመሰገን ስላልሆነ ነው።

፩ኛ/ በአዲሱ እትምዎ ጽሑፉን አሳንሰውና አቅጥነው፣ በነጭ ላይ ግራጫ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንዲት መስመር ለማንበብ አፍንጫዬን ከስክሪኑ ሳስጠጋ ያየችኝ አክስቴ ዱርሲቱ፣ ላፕቶፑን የምስመው መስሏት ባል ልትፈልግልኝ ተነሥታለች።

፪ኛ/ ስህተት መኖሩን የምታመለክተው የተባይ ሥዕል ውብ ናት። የወተት አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበር ኦቦ ኢተፋ ገና ሲያዩዋት መዥገር መሆኗን አረጋግጠው፣ የሚረጨውን መድኃኒት ስም ጽፈው ሰጥተውኛል።

፫ኛ/ ዋናው ግን ልባችን እንዳይደነግጥ አስበው ቀዩን የስህተት ቀለም በለምለም አረንጓዴ መተካትዎ ነው። ለማኅበሩ የሠራሁትን የአባላት መዝገብ በጉባኤ ፊት ግድግዳ ላይ አሳየሁ፤ ከተወደደ ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርጉኝ ነበር። አንዱ ገጽ አልከፈት ሲለኝ ስህተቱን ለማየት መስኮትዎን ስከፍት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ምን እንደተፈጠረ ለማንበብ ሳጎነብስ፣ ኦቦ ኢተፋ ይህን ልምላሜ አይተው ተነሡና መመረቅ ጀመሩ። ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ጉባኤው በሙሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል ብቻዬን ዝም ማለት ነውር ነውና፣ በገዛ ስህተቴ ላይ እኔም አሜን አልኩ፤ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የተመረቀው መዝገብ በዚያው ቀን ሥራ ጀመረ፤ በማግስቱም ሊቀመንበሩን ጨምሮ ስልሳ ሦስቱም አባላት ወይዘሮ ሸዋነሽ ተብለው ተመዝግበው ተገኙ። እውነተኛዋ ወይዘሮ ሸዋነሽ ደስ ብሏቸዋል፤ ሌሎቹ ስልሳ ሁለቱ ግን ሰላምታዬን አይመልሱም።

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቀይ ሆኖ ቢታይ ኖሮ ግን ኦቦ ኢተፋ ከወንበራቸው አይነሡም ነበር፣ እኔም በዚያው ሌሊት አርሜው አድር ነበር። ሥራውን በጣም እፈልገው ነበር፣ ጌታዬ።

የዓይኗን ብርሃን ለእርስዎ የጥበብ ጣዕም ያበረከተች፣ ቀለም የሚለዩበትንም ቀን በትዕግሥት የምትጠብቅ አክባሪዎ፣
ላሊሴ ቦሩ

ማስታወሻ፦ ማኅበሩ ወደ ወረቀት መዝገቡ ተመልሷል፤ ቋሚ ቦታውም ለጸሐፊዋ ለድንቅቱ ተሰጥቷል። ድንቅቱ ስህተት ስታገኝ በቀይ እስክሪብቶ ትከብበዋለች፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ይታያል። ንድፍ የሚባል ትምህርት ተምራ አታውቅም። ቦታዎን ለመልቀቅ ባሰቡ ጊዜ ስልኳን እልክልዎታለሁ።