ከጠረጴዛው መነሣት ያማራቸው የወይዘሮ ኦዜላ ሃርግሮቭ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦዜላ ሃርግሮቭ ከአባታቸው ከአቶ ሉተር ዊትሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤርሲ ፕሩዊት፣ በሉዊዚያና በታሉላ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1931 ተወለዱ። አባታቸው በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እናታቸው የሰው ልብስ ያጥቡ ነበር። ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ናቸው። ቆማችሁ የምትሰሙ ወገኖች ግድግዳውን ተደገፉ፤ ታሪኩ ረጅም አይደለም፣ ግን እውነቱን ልንነግራችሁ ስለወሰንን ትንሽ ይከብዳል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በጥጥ ለቀማ ወራት ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ስለነበር ስምንቱ ክፍል አሥር ዓመት ፈጅቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ከዱቄት ከረጢትና ከዶሮ ላባ ለእናታቸው የፋሲካ ኮፍያ ሰፉ። የጉባኤው ሴቶች ሁሉ "ኤርሲ፣ ከየት ገዛሽው?" እያሉ ከበቧቸው። ኦዜላ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሏት አታውቅም ትላለች ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ቨርዴል።

በ1949 ከእህታቸው ከቨርዴል ጋር በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ላስ ቬጋስ መጡ፤ እዚሁ ዌስትሳይድ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ኑሮ ጀመሩ። ሁለቱም በአንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆነው ተቀጠሩ። እኛ ጥቁሮች በጓሮ በር ገብተን በጓሮ በር የምንወጣበት ዘመን ነበር።

በ1953 የዚያው ሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ክሎቪስ ሃርግሮቭ ጋር በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ወይዘሮ ዴልፊንንና አቶ ሬይፎርድን ወልደዋል። ክሎቪስ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው። አርብ አርብ ከሥራ ሲወጡ ፖከር የሚባለው የካርታ ቁማር ላይ ይቀመጡና የሳምንቱን ደመወዝ እዚያው ትተው ይመጣሉ። ኦዜላ ሊጠሯቸው ይሄዱና ከወንበራቸው ጀርባ ይቆማሉ።

"ክሎቪስ፣ ተነሥ፣ ዓሣው በረደ።"

"ቆይ ኦዚ፣ አሁን ነው የሚገባልኝ።"

አንድ አርብ ኦዜላ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው "ያ ባለ ቀይ ከረባት ሰውዬ ካርታ ሳይኖረው ሲዋሽ ከንፈሩን ይልሳል። አሁን አልላሰም። ካርታህን ጣል" አሏቸው። ክሎቪስ አልጣሉም፤ ተበሉ። መንገድ ላይ ሲወጡ ተናደው "እንዲህ ካወቅሽ አንቺው ተቀመጪያ!" አሉ። በሚቀጥለው አርብ የተቀመጡት ኦዜላ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሎቪስ ካርታ አልነኩም፤ ዓሣውን የሚጠብሱት እሳቸው ሆኑ። ኦዜላ ለቨርዴል "እስከ ክረምት ብቻ ነው፤ ሬይፎርድ ጫማ እስኪገዛለት" ብለዋት ነበር። ዓመቱ 1956 ነው።

በ1960 ዋናው በር ለእኛም ተከፈተ። በዓመቱ ኦዜላ የሆቴሉን ሥራ ለቀው መሐል ከተማ ከሚጫወቱት ወንዶች ጋር መቀመጥ ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ የቴክሳስ ሰው "ሚስ ኦዜላ፣ መጥረጊያሽን የት ጣልሽው?" ብሎ ገበታውን አሳቀ። "ይዤው መጥቻለሁ ልጄ፣ ጠረጴዛው ቆሽሿል ብለውኝ ነው" አሉት። ሰውዬው ተበልቶ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም።

ትዕግሥታቸው ነበር ሙያቸው። ጥሩ ካርታ ካልያዙ አይገቡም፤ ከገቡ አላቸው ማለት ነው። ይህን የከተማው ተጫዋች ሁሉ አወቀ። በ1977 ወንዱም ሴቱም በሚወዳደርበት ትልቅ ውድድር አንደኛ ወጡ፤ በ1979 ደገሙት፤ ፎቶግራፋቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዚህ እጃቸው ዴልፊን ነርስ ሆነች፣ የታናሽ ወንድማቸው የአቶ ኦታ ቤት ተሠራ፣ የወንድም ልጆች ኮሌጅ ገቡ። ዛሬ እዚህ ዝናብ ሳይነካን የተቀመጥንበትን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያለበሱት እሳቸው ናቸው።

በ1981 አቶ ክሎቪስ በልብ ሕመም ዐረፉ። ከቀብሩ በኋላ በነበረው የእሑድ ምሳ ላይ ኦዜላ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ "ካርታውን ልተው ነው። ጃክሰን ጎዳና ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አይቻለሁ፤ ኮፍያ እሰፋለሁ" አሉ።

ኦታ ሳቀ። "ኮፍያ? አንቺ ኮፍያ ስትሰፊ እኛ ኮፍያችንን ገልብጠን በር ላይ ልንቆም ነው?"

ገበታው በሙሉ ሳቀ። ኦዜላም ሳቁ። ቨርዴል እጃቸውን ይዛ "ይህን ዓመት ብቻ ጨርሺው እህቴ፣ የኦታ ልጅ እስኪመረቅ" አለቻቸው። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አለች፤ በሦስተኛውም። ሁልጊዜ የሚመረቅ ልጅ አይጠፋም ነበር። ኦዜላ አንድ ጊዜ ሳህን እያጠቡ "በጨዋታ ቤት ሦስት ዙር ከወንበርሽ ከጠፋሽ ወንበሩን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ የእኔን ወንበር ግን ውሰድ ቢሉትም የሚወስድ የለም" ብለው ነበር። ቀልድ መስሎን አለፍነው።

አሁን የምንነግራችሁን ቤተሰቡ የሰማው ባለፈው ዓመት ነው። በ1988 ኦዜላ አንድ ነገር ወሰኑ። ተዉኝ ቢሉ የሚሰማ ስለጠፋ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ውድድር በመጀመሪያው ሰዓት ተሸንፈው ሊወጡ አሰቡ። "ኦዜላ አረጀች፣ በቃት" ይባል፤ ያን ጊዜ ይለቁኛል አሉ። በተቀመጡ በአሥር ደቂቃ ካርታቸውን ሳያዩ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ጠጠር በሙሉ ወደ መሐል ገፉ። ጠጠሩ ካለቀ ወደ ቤት ነው። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ሚስ ኦዜላ ከገፋች አላት" አለ አንዱ፤ ሁሉም ካርታቸውን ጥለው መሐል ያለውን ለቀቁላቸው። ደግመው ገፉ። ሁሉም ጣሉ። በሦስተኛውም ጣሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልዋሸ ሰው ሲዋሽ ማን ያምነዋል? ጠጠሩ እያነሰ በመሄድ ፈንታ ፊታቸው ላይ ተቆለለ።

በመጨረሻ አንድ ደፋር ወጣት ሁለት ንጉሥ ይዞ ተከተላቸው። ኦዜላ ካርታቸውን ገለጡ፤ ሰባትና ሁለት፤ በዚህ ጨዋታ ከዚያ የባሰ ካርታ የለም። "ተመስገን" ብለው ቦርሳቸውን አነሡ። ለሁሉም በጋራ ጠረጴዛው ላይ ከወረዱት ካርታዎች መካከል አንድ ሰባት ወጣ፤ የመጨረሻው ሲገለጥ ሁለት ሆነ፤ የእሳቸው ሁለት ጥንድ የልጁን አንድ የንጉሥ ጥንድ በለጠ። ልጁ ራሱን ይዞ ተነሣ፤ ኦዜላ ቦርሳቸውን መልሰው እግራቸው ሥር አስቀመጡ።

በሁለተኛው ቀን ካርታቸውን ማየት ጀመሩ። ባለፈው ዓመት ለምን ብላ ቨርዴል ስትጠይቃቸው "እንጃ፤ እጄ መጥፎ መጫወት እንቢ አለኝ። ደግሞ እነዚያ ወንዶች ከተመልካቹ ገመድ ባሻገር ቆመው ሲስቁብኝ አልፈልግም ነበር" አሏት። በሦስተኛው ቀን አንደኛ ወጡ። ቤተሰቡ አዳራሹ በር ላይ እየዘለለ ጠበቃቸው። ኦታ አቅፎ እያሽከረከራቸው "ኦዚ፣ ልጄ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ በዪው!" አለ። በፎቶግራፉ ላይ ኦዜላ ዋንጫውን ይዘው ፈገግ ብለዋል። ያ ፎቶግራፍ በሁላችንም ቤት ተሰቅሏል። ስንት ዓመት አየነው፤ አላየነውም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀመጡ።

በ2006 ዓይናቸው ስለደከመ የካርታው ቁጥር ይምታታባቸው ጀመር፤ ያን ጊዜ ብቻ ተነሡ። በሳምንቱ ጨርቅ፣ ሽቦና የጥልፍ ክር ገዝተው መጡ። ግን የካርታን ቁጥር ያልለየ ዓይን የመርፌን ቀዳዳ ከየት ያገኛል? ቨርዴል ጠዋት ጠዋት እየመጣች አሥር መርፌ ክር አስገብታ ትራስ ላይ ሰክታላቸው ትሄድ ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ ሰማያዊ ኮፍያ ተጀመረ፤ ጠርዙ ሳይዘጋ ቀረ።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ይህን የ1988ን ታሪክ ለቨርዴል የነገሯት ያኔ ነው። ቨርዴል አልቅሳ "አንቺ ልጅ፣ ለምን አልነገርሽንም?" አለቻቸው።

"ነገርኳችሁ እኮ" አሉ። "ሳቃችሁ።"

ከዚያ የእህታቸውን እጅ መታ መታ አድርገው "አታልቅሺ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ" አሏት።

ወይዘሮ ኦዜላ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2009 ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ በገዛ ቤታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸውን ዴልፊንንና ሬይፎርድን፣ እህታቸውን ቨርዴልን፣ ወንድማቸውን ኦታን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በእጃቸው ያደጉ ቁጥራቸው የበዛ የእህትና የወንድም ልጆችን ትተው ሄደዋል። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኢዜል ቀድሟቸዋል።

ከሩቅ የመጣችሁ የጠረጴዛ ወዳጆቻቸው፣ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለሟች ክብር ካርታ ወይም ጠጠር የሬሳ ሣጥን ውስጥ ማኖር ልማዳችሁ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ እንደ መጣችሁም አይተናል። እባካችሁ እዚያው ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። "ካርታ እንዳታስይዙኝ፤ እዚያ ተቀመጪ ቢሉኝ ለማረፍ ይሁን" ብለው ተናዝዘዋል። ስለዚህ እጃቸውን ባዶ አድርገን አስተኝተናቸዋል።

የልባቸውን ሲነግሩን ሰምተን፣ ስቀን ያለፍን እኛ ነን፤ ይቅር ይበሉን። እኛ የከለከልናቸውን ዕረፍት ጌታ ይፍቀድላቸው። አሜን።