የወንድሜ በትር

ሸሕዲ፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ቤተ እስራኤሉ የክፍል ጓደኛዬ አለነ ከአያቱ ጋር ሊሰናበተን መጣ። ዛሬ ወደ ሱዳን ይሻገራሉ። አባባ የሟች ወንድሜን በትር ለአዛውንቱ እንድሰጣቸው አዞኝ ወጣ።

«የተበተኑት ነገዶች ይሰበሰባሉ ብሏል ነቢዩ» አሉ አዛውንቱ።

«ወንድሜ ቀድሞኝ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ይጠብቀኛል!» አለ አለነ። «የሒሳብ ፈተናውን ለአንተ ትቼልሃለሁ!»

ቅናት አንገበገበኝ። የእሱ ወንድም ይጠብቀዋል፤ የእኔን ግን የትኛው ነቢይ ይሰበስበዋል?

አዛውንቱ በትሩን ከመያዛቸው በፊት፣ «ልጄ፣ ሬሳ ነክቷል እንዴ?» አሉኝ። በሕጋቸው ሬሳ የነካ ዕቃ አይያዝም።

አልነካም ነበር። «አዎ፣ ነክቷል» አልኳቸው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። የአለነን ትከሻ ተደግፈው ቀስ እያሉ ወጡ።

በትሩ ቀርቶልኛል። እሳቸው ግን ያን ሁሉ በረሃ ምን ተደግፈው...