ደላላ የመረጥንበት በር

ሰኔ 2፣ ሰኞ
ዝናብ። ጥጃዎቹ ጭቃ በጭቃ። ወንድሜ ሮይስ ቁርስ ላይ፣ አፉ እንቁላል እንደሞላ፣ ጉልበቱ ስለከዳው ከድርቆሽ አጨዳው በኋላ መሬቱን እንደምንሸጥ ነገረኝ። የኔም ጉልበት ደህና አይደለም። አፌ ግን ደህና ነው... ይሸጥ፣ አልኩት፤ የወንዙ ዳር መስክ ግን አይቆራረስም። የጎረቤታችንን አይቶ የለም? ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ካስማዎች ተተክለው፣ የሀብታም የእረፍት ቤት ሊሆን ነው። በረዶ ሲጥል አጋዘኖቹ የት ይውረዱ?

«አጋዘን ግብር አይከፍልም» አለኝ።

ተስማማን፦ ለዘለዓለም እንዳይቆራረስ በጥበቃ ውል የታሰረ መሬት መሸጥ የሚያውቅ ደላላ እስከ አጨዳው ካገኘሁ፣ እሺ ይላል። ካላገኘሁ ለቤት ሠሪዎቹ ይሰጣል። ተጨባበጥን። እጁ ቅቤ ነበር።

ሰኔ 5
ከተማ ወርጄ የመሬት ጥበቃ ማኅበሩን ጠየቅሁ። እኛ አንመርጥልሽም አሉኝ፤ የደላሎች ስም ግን ሰጡኝ። የሸጡትን መሬት አሳዩኝ በይ፣ ባለቤቶቹንም አነጋግሪ አሉኝ። የራሴን አንድ ፈተና ጨመርኩበት፦ የላይኛውን በር። እኛ የሞንታና ከብት አርቢዎች ሕጋችን አንድ ነው፤ በርን እንዳገኘኸው ተው። የላይኛው በር ላሞቹ ውኃ እንዲወርዱ ሁሌም ክፍት ነው።

ሰኔ 10
ቼት የሚባለው መጣ። ፒክአፑ ነጭ፣ ጭቃ አይቶ የማያውቅ። የጋገርኩለትን የቼሪ ፓይ በጎረሰ ቁጥር «ተፈጥሮ» ይላል። እስቲ በጥበቃ ውል የሸጥከውን አሳየኝ ስለው የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ አሳየኝ! ሲሄድ ጨዋ ነውና የላይኛውን በር ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ላሞቹ ከሰዓቱን ሁሉ ሲጮሁ ዋሉ።

ሮይስ፦ «ሰውየው ጥበቃ ያውቃል። ላሞችሽን ከውኃ ጠበቃቸው።»

ሰኔ 16
ሁለተኛው አልደን። የዋህ ሰው። በሩን ጭራሽ አላየውም፤ ወፍ ሲከተል በሽቦው መሃል ሾልኮ ሱሪውን ቀደደ። ሰፋሁለት። ማን ይገዛናል ብዬ ጠየቅሁት። የሚገባው ሰው ይመጣል፣ አለ። መቼ? ስለው ወፉን በመስኮት ፈለገ። ሮይስ ሲስቅ ቡናው በአፍንጫው ወጣ።

ሰኔ 24
ሣሩ ረዘመ። ሮይስ የማጨጃውን ስለት እየሳለ ያፏጫል። ሆን ብሎ ነው እንዴ? ነው እንጂ።

ሰኔ 27
ጓን ቶለፍሰን የምትባል መጣች። መኪናዋ ጭቃ፣ ውሻዋ ከመኪናው የባሰ። በሩቅ ማያ መነጽር ከማድ ቤት መስኮት አየኋት። ላይኛው በር ጋ ወረደች፣ የላሞቹን ዱካ አየች፣ እንደተከፈተ ተወችው። የተዘጋውን የታችኛውን በር ከፍታ አለፈች፣ መልሳ ዘጋችው። ማድ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ፣ በዚህ ወገቤ!

ፓይ አልነካችም፤ መጀመሪያ መስኩን አሳዩኝ አለች። አንቺ በይኝ አልኳት። ስንመለስ ቀጥታ ሮይስን፦

«ውሉ ሲታሰር ዋጋው ይወርዳል። የሚከፋዎት ከሆነ ዛሬ ይንገሩኝ።»

ሮይስ ማኘኩን አቆመ። ቼት ይህን አልነገረንም።

«ታዲያ ማን ይገዛዋል?»

«ከብት አርቢ። የአሁኑ ዋጋ አስፈርቶት የቀረ።»

ውሉ የሚያስገኘውን የግብር ቅናሽ ከሒሳብ ባለሙያ ስሙ፣ እኔ ደላላ ነኝ አለች። የድሮ ደንበኞቿን ስልክ ሰጠችን። አንደኛው ተጣልቷት እንደነበር ነገረችን፤ እሱንም ጠይቁት ብላ ፓዩን ሁለት ቁራሽ በላች።

ሰኔ 28
ሮይስ ሌላውን ሁሉ ትቶ ለተጣላት ሰውዬ ደወለ። በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። አዎ፣ አዳመጥኩ! ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ቀልቷል።

«ግትር ናት አለኝ። መሬቱን ግን አላስቆረሰችበትም።»

«እና?»

«እናማ፣ ከአንቺ ጋር የምትስማማ ሰው ተገኘች።»

ሐምሌ 19
አጨዳ። ደክሞኛል። ሮይስ ዛሬ አላፏጨም።

መስከረም 14
ፈረምን! የጥበቃው ውል ታሰረ፤ ገዢዎቹም ተገኙ፣ የማክፋርሌኖች ልጅና ሚስቱ፣ ላም ጭንቅላት ላይ የሚያሳክካትን ቦታ የሚያውቁ። እኛ እዚሁ ትንሿ ቤት እንቀራለን። ሮይስ ዋጋውን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ግን ፈረመ። ጓን ስታቅፈኝ ውሻዋን ውሻዋን ሸተተችኝ።

ከከተማ እየዘፈንኩ ተመለስኩ። ራት ላይ ላሞቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ሮይስ ሹካውን አስቀምጦ አየኝ።

«የላይኛውን በር ማን ነው የዘጋው?»

...እኔ ነኛ። በደስታ።

«ጓን ትቆይ፣ አንቺን ግን አንቀጥርም» አለኝ።

ሄጄ ከፈትኩት። ላሞቹ እየተጋፉ በአጠገቤ ወረዱ። ከጎረቤት ወገን ቀያዮቹ ጨርቆች ይውለበለባሉ። በእኛ በኩል ሣር ብቻ። በሩን ክፍት ትቼው ተመለስኩ።