በሕይወት ላሉ ልጆች ጥሩንባ የነፉት የአቶ የኋላሸት ይኸነው የሕይወት ታሪክ

በሽፋኑ ላይ የትውልድ ስፍራቸው ዳንግላ ተብሎ ታትሟል። ስሕተት ነው። ያየነው ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ እዚህ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። እሳቸው የሰው ስምና አገር አሳስተው ጠርተው ስለማያውቁ ሳይታረም ሊነበብ አይገባም። አቶ የኋላሸት ይኸነው ከአባታቸው ከአቶ ይኸነው ምህረቴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ሸጋ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳም አቅራቢያ፣ በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ።

ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ አዲስ ቅዳም እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲታመሙ ትምህርቱን አቋርጠው ወደ እርሻ ተመለሱ። በ1969 ዓ.ም. ወደ እንጅባራ መጥተው ገበያው ላይ ድንች በጆንያ እያስጫኑ መኖር ጀመሩ። ከተማዋን እስከ መጨረሻው በድሮ ስሟ ኮሶበር እንጂ በሌላ ስም አልጠሯትም። በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ የወርቅውሃ ደረሰ ጋር በተክሊል ተጋብተው አራት ልጆች ወልደዋል። ቀስ ብሎ መናገር አይሆንላቸውም ነበር። ባለቤታቸው፣ «ጨው አቀብይኝ ሲለኝ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል» ይሉ ነበር።

በዚሁ ድምፃቸው በ1986 ዓ.ም. የእድር ለፋፊ ሆነው ተመረጡ። ሰው ሲያርፍ ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባ እየነፉ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በአማርኛም በአዊኛም ይናገሩ ነበር። ዝናብም ሆነ ውርጭ አስቀርቷቸው አያውቅም።

በ2009 ዓ.ም. የዐሥራ ሦስት ዓመቷን የጎረቤታቸውን ልጅ ኦሪትን፣ «ቀን ትማሪያለሽ፣ ማታ ሕፃን ታጫውቻለሽ» ያለች ሴት ወሰደቻት። ቤተሰቧ አፍረው «አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» እያሉ ሰነበቱ። እውነቱ ሲወጣ ልጅቷ ባሕር ዳር ላይ ለሌላ ደላላ ተላልፋ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመተማ ተመለሰች። እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ፤ ከየት እንደመጣ ዛሬም አትናገርም። ስሟ እዚህ የተጻፈው በራሷ ፈቃድ ነው።

ኦሪት ገና ሳትመለስ አቶ የኋላሸት በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሡ። «ለሞተ ሰው ተሯሩጠን እንለፍፋለን፤ እሱ ከእንግዲህ የትም አይሄድብንም። መኪና ላይ ለተጫነች ልጅ ግን ዝም እንላለን» አሉ። ልጅ የጠፋ ዕለት በዚያው ሰዓት በጥሩንባ እንዲነገር ጠየቁ። ብዙ ሰው ተቆጣ። የእድሩ ዳኛ አቶ ብሥራት፣ «ጋሼ የኋላሸት፣ ይሄ ጥሩንባ የሞት ነው። በቁሙ ላለ ሰው መንፋት ሟርት ነው። እናቲቱ ደንግጣ ትሞትና ሌላ ቀብር ያመጡብናል» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ለሕያው ሰው ጥሩንባ የነፋ ከእድሩ ይሰረዝ ተብሎ ተወሰነ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬኑን የሚሸከምለት አይኖርም።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ትሕትና ከትምህርት ቤት በሰዓቷ አልተመለሰችም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እናቷ ማስተዋል ወዲያው ክፉ ክፉው ታያት። ወንድሟ ትዕዛዙ፣ «አንቺ ደግሞ ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር መቃብር ታስቆፍሪያለሽ! ጓደኛዋ ቤት ትሆናለች» አላት። ማስተዋል አላመነችውም። ቤቱን ስትፈትሽ የልጅቷ ዩኒፎርም ተጣጥፎ አልጋው ሥር ተገኘ፤ አረንጓዴ ሹራቧ ግን የለም። ይዛው አባቷ ዘንድ ሮጠች። አቶ የኋላሸት ልብሱን አይተው ጥሩንባቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ባለቤታቸው «እድሩስ?» ቢሏቸው፣ «ስሞት የምትጥሉኝ ቦታ አታጡም፤ ልጅቷ አሁን መንገድ ላይ ናት» ብለው ወጡ።

ለሞት እንደሚነፉት ረጅም አልነፉም፤ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር ነፉ። «ሞት አይደለም! አትደንግጡ፣ ልጅ ነው! ትሕትና፣ የማስተዋል ልጅ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች! ያያት ይናገር!» እያሉ፣ በአዊኛም እየደገሙ እስከ መናኸሪያው ወረዱ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሰምቶ፣ ሁለት ልጆችን ከአንዲት ሴት ጋር የባሕር ዳር ሚኒባስ ላይ ማድረሱን ተናገረ። ለፖሊስ ተደወለ። ሚኒባሱ ዳንግላ መግቢያ ላይ ቆመ፤ ትሕትናም ወረደች። ሴትዮዋ ሱቅ ውስጥ አስቀጥርሻለሁ ብላት ነበር። አብራት የነበረችው ልጅ ከጥርባ የመጣች የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የዚህችን ልጅ ስም በዚያ ቀን ማንም አልጠራም። ቤተሰቧ መጥፋቷን የሰሙት ከመገኘቷ ጋር ነው።

እድሩ በሳምንቱ ተሰበሰበ። አቶ ብሥራት ውሳኔውን ካነበቡ በኋላ፣ «እንግዲህ እሳቸውን የሚሰርዝ እጁን ያውጣ» አሉ። ማንም አላወጣም።

ከዚያ በኋላ አቶ የኋላሸት በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በየደብሩ፣ በከተማው የፕሮቴስታንት ጉባኤ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር ለሚመጣው ሰው በአዊኛ ያስተምሩ ነበር። «ልጅህን ሥራ ላስገባልህ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቤቱን ሄደህ እይ። ልጅ ከጠፋ ደግሞ ሐፍረቱን ለነገ አቆየውና ዛሬውኑ ተናገር» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥሩንባ የተነፋላቸው ልጆች በሙሉ ተገኙ ማለት አይደለም። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። አቶ የኋላሸት በየስብሰባው የእነዚህን የሁለቱን ስም ሳይጠሩ ተቀምጠው አያውቁም።

በ2017 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመሙ። እንጅባራና ባሕር ዳር ሲታከሙ ቢቆዩም ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ። ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። የሰውን ልጅ በስሙ እየጠሩ የኖሩትን አባት እግዚአብሔር በመንግሥቱ በስማቸው ይጥራቸው፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መናገር ስለማይችሉ በጣታቸው ወደ በሩ እያመለከቱ ማን እንዳልገባ ጠየቁ። ማስተዋል የቤቱን ልጆች አንድ በአንድ እየጠራች መግባታቸውን ነገረቻቸው። ያልገባችው ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጓደኛዋ ዘንድ የምታጠናው ትሕትና ብቻ ነበረች። ቢደወልላት ኔትወርክ የለም። አቶ የኋላሸት ጣታቸውን አላወረዱም፤ ማስተዋልም ደጅ ወጥታ ቆመች። ትሕትና ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች መጣችና፣ «እማ፣ ገና እኮ ነው!» አለች። ገብታ የአያቷን እጅ ሳመች። እጃቸውን ወደ አልጋው መለሱ። ወይዘሮ የወርቅውሃም ተነሥተው በሩን ቆለፉት።