ለአንድ ቤት አንድ በር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አማቴ፣ ለአባባ ወልደአምላክ፤

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ሰላምታውን በኋላ በደንብ አደርሳለሁ፤ አሁን ግን አላስችል ስላለኝ ዋናውን ልንገርዎት። በርዎ ተሰቀለ። ጋራዥ ውስጥ በአንሶላ ሸፍነውት የሄዱት የኦክ እንጨት በር የቤታችን የፊት በር ሆኗል፤ የካውንቲው የግንባታ ኢንስፔክተርም ዛሬ ጠዋት አይቶ አሳልፎታል። በስልክ ልነግርዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ልጅዎ ሀዲስ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ለሰው ይሰጣሉ። ወረቀት ከሆነ እስከ መጨረሻው ያነቡታል ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ ሲልጉና ሲያለሰልሱ ከርመው በሩን ባቆሙበት ቀን ያ የጠራነው በር ገጣሚ መጣና ዞር ዞር ብሎ አየው። «ሌብሉ የታለ? ስንት ሙቀት እንደሚያባክን የተለካበት ቁጥር ከሌለው የግንባታ ኮዱ አይቀበለውም» አለ። ልጅዎ ደግሞ ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሰው «አባዬ፣ እዚህ አገር የእጅ ሥራ በር አይሆንም» ብሎ ቁጭ አደረገው። ሰውዬው ራሱ የተናገረው እንኳን እንዲህ አይጎረብጥም ነበር። እርስዎም ትኬትዎን አስቀይረው ከቀንዎ በፊት ሄዱ። ኤርፖርት ላይ «በሬ ያልገባበት ቤት እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ያሉኝ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ከሀዲስም አልወጣም፤ እሱ ግን እንደ እርስዎ ነው፣ ሲከፋው ዝም ነው።

ዘንድሮ አሮጌው በር ከታች በሰበሰ። ነፋሱ ሳሎን ድረስ እየገባ ልጃችን ሰሊና ቴሌቪዥን የምታየው ብርድ ልብስ ተከናንባ ሆነ፤ ማሞቂያው ሌት ተቀን እየሠራ ቤቱ አይሞቅም። ሀዲስ የፋብሪካ በር ኦርደር ላድርግ ሲል ደሜ ፈላ። «መጀመሪያ ካውንቲው ራሱ አይሆንም ይበለኝ» ብዬ ከሥራ አስፈቅጄ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ፐርሚት ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ረጋ ያለች ናት። «አማቴ በእጁ የሠራው በር ነው፣ ሌብል የለውም፣ ሕጉ ይከለክለኛል ወይ?» አልኳት።

«መስታወት አለው?» አለችኝ።

«የለውም።»

«በማጠፊያ የሚከፈት ተራ በር ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለአንድ ቤት አንድ እንዲህ ያለ በር ከቁጥሩ ነፃ ነው። ከሃያ አራት ካሬ ጫማ አይለፍ እንጂ። ዙሪያው ግን አየር እንዳያስገባ በደንብ ይደፈን።»

አባባ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ ሶፍት ሰጠችኝ። ለካ ያ በር ገጣሚ የነገረን የሕጉን ግማሽ ነው፤ እኛም በግማሽ ወሬ ዓመት ሙሉ ተኮራረፍን።

ሀዲስ ስነግረው አላመነኝም። ራሱ ደውሎ ጠየቀ። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ጋራዥ ገባ፤ ተከትዬው ገርበብ ባለው በር አየሁት። አንሶላውን አንስቶ እጁን እንጨቱ ላይ እያሳለፈ ብዙ ቆየ። እኔም አላየሁ መስዬ ወደ ወጤ ተመለስኩ።

እርስዎ ሶፋም ሰውም እንደ ልብ እንዲያልፍበት ብለው ሰፋ አድርገው ስለሠሩት ግድግዳውን መክፈት ግድ ሆነ። ፐርሚት ያስፈለገውም ለዚያ ነው። የሀዲስ ጓደኛ አብርሽ በርክ ከምትባለው ከተማ መጥቶ ሁለቱ መቃኑን አስፍተው ሰቀሉት። ልጅዎ ከኪቦርድ ሌላ ነገር ጨብጦ አያውቅም እያልኩ የቀለድኩበትን ሁሉ አንስቻለሁ። ዙሪያውን ጎማ አልብሶ፣ ከታች ነፋስ የሚከለክል ብሩሽ ገጥሞ፣ በሩን ወረቀት ላይ ይዘጋና ወረቀቱን ይጎትታል። ወረቀቱ ሾልኮ ከወጣ ጎማውን ፈትቶ እንደገና ይገጥማል። አብርሽ «ኧረ በቃህ፣ ባንክ አደረግከው እኮ» እያለ ሲነጫነጭ ዋለ።

ዛሬ ኢንስፔክተሩ ሜትሩን ሲዘረጋ ሃያ አራቱ ካሬ ጫማ ትዝ አለኝ፤ ሰፋ አድርገውታል እኮ። ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ አባዛ። ሃያ ሦስት ከምናምን ሆነ። ሰውዬው በሩን ዘግቶ መዳፉን ዙሪያውን አስኬደና «ነፋስ የለም» አለ። ሊወጣ ሲል ደግሞ ተመልሶ መጋጠሚያውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ማን ነው የሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ያ ዝምተኛ ልጅዎ «አባቴ ነው» ብሎ ጀመረ። ምስማር እንደሌለበት፣ እንጨቱን እንዴት እንደመረጡት፣ በልጅነቱ ሱቅዎ ውስጥ ፍቅፋቂ ላይ ይተኛ እንደነበር ሳይቀር ነገረው። ምስኪን ኢንስፔክተር፣ ሌላ ቀጠሮ ነበረው።

እንግዲህ በርዎ ገብቷል፣ ምክንያት የለዎትም። ቪዛዎ ገና አልተቃጠለም፤ ለገና ይምጡልን። ሰሊና ከትምህርት ቤት በገባች ቁጥር «ኢዝ አባባ ካሚንግ?» እያለች መምጣትዎን ትጠይቀኛለች። ናፍቀውናል። እኔ እንደሆንኩ አፌ አይደብቅም፣ በጣም ናፍቀውኛል።

ይህን ስጽፍ ሀዲስ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አንተም ሁለት መስመር ጣል አድርግ ብዬ እስክሪብቶውን ብሰጠው እምቢ አለ። «በሩ ከታች ትንሽ ይይዛል፣ መላግ ይፈልጋል፣ እኔ እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው በይልኝ» ብሎኝ ወጣ።

እንዳለው ጽፌያለሁ። የሚልገውም ሰው እርስዎ ነዎት።

ለመንገዱ ጉልበት ይስጥዎት፤ ምርቃትዎንም በአካል ለመቀበል ያብቃን።

አክባሪ ልጅዎ
ሰርካለም

አባባ፣ ለእርስዎ ብቻ፦ በሩ ምንም አይይዝም። ሰሊና በአንድ ጣቷ ነው የምትከፍተው።